የገብረየስ መንገድ

ገርጂ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየስ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ተናኜስ? ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ። ሳላሳውቅዎ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሹፌሩ ዘርአጽዮን ላምበረት መናኸሪያ ሲያገኘኝ «ልጅቷ ገባች ወይ እያሉ ሁለት ጊዜ አውቶብሱን አስቁመውኛል» ብሎ ወቀሰኝ፤ አፈርኩ። «ስልክ ላይ መጮህ አልወድም፣ ኔትወርክ ፍለጋም ጉብታ አልወጣም፣ ከፈለግሽኝ ጻፊልኝ» ስላሉኝ ይኸው ወረቀት ገዝቼ ቁጭ ብያለሁ። ደብዳቤ የጻፍኩት ስምንተኛ ክፍል ለፈተና ነበር፤ ያኔም ከአሥር ስድስት ነው ያገኘሁት።

ያን ቀን በረዶው ሲጀምር ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍልዎት ሰው አይኖርም ነበር። የጓሳው ሳር ሜዳ ላይ ግራና ቀኝ አንድ ነው፤ ጉሙ የኮረኮንቹን መንገድ ውጦት ነበር። ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ብስክሌቴን ነጥቀው በትከሻዎ አደረጉና «የረገጥኩበትን ብቻ ርገጪ» ብለው በተከለለው ሳር መሃል ወሰዱኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ የማየው የእርስዎን ተረከዝ ብቻ ነበር። እትዬ ተናኜ እግሬን በሞቀ ውሃ ሲያጥቡልኝ ያለቀስኩት ከብርዱ የተነሳ አልነበረም።

ብስክሌቴ ቦሌ ሚካኤል፣ ያሕያ የሚባል ጠጋኝ ጋ ተኝታለች። ያሕያ የወሎ ልጅ ነው፤ የኋላ ጎማዋን አዙሮ አዙሮ አየና «እህቴ፣ ይሄን በብስክሌት ነው ወይስ በዶዘር የሄድሽው?» አለኝ። ሳምንት ጠብቂ ብሎኛል።

ከዚህ ጋር የዝናብ ካፖርት ልኬልዎታለሁ። ቀለሙን አይቀየሙት፤ ሱቁ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ያ ሜዳ ለምንድን ነው የተከለለው? በዚያ ብርድ መሃል መጠየቅ አልቻልኩም።

ሌላም ነገር አዘጋጅቼልዎታለሁ። አሁን አልነግርዎትም። ስምዎን የሚያስጠራ ነገር ነው።

ሁልጊዜም የማልረሳዎት፣
ሊድያ


ጓሳ አፋፍ፣ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊድያ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ ደህና ነን። ተናኜ ወገቧን አሁንም ያማታል፤ ግን እኔን ለመቆጣት አላነሳትም፣ ተመስገን ነው።

ካፖርቱ ደረሰኝ። ብርቱካን የሚመስል ነገር ለብሼ ስወጣ ተናኜ እስክትንበረከክ ሳቀች። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ግን አልሳቁም፤ ሳር መጋጡን ትተው ገደሉን ይዘው ወረዱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጓሳ ስጠብቅ እንዲህ ተፈርቼ አላውቅም። ዝናቡን ግን ጠብ አያደርግም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሜዳው ለምን ተከለለ ላልሽው፦ ጓሳ ቶሎ የሚደርስ ሳር አይደለም። ቤት የምንከድነው በእሱ ነው፤ ገመዱም፣ ለዝናብ የምንለብሰው ገሳም ከእሱ ነው። ስለዚህ አንዱን ሜዳ አራት ዓመት እንዘጋዋለን። ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነሳበትም። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ቀን ይቆርጣሉ፤ በዚያ ጠዋት ሀብታሙም ድሃውም እኩል ማጭዱን ይዞ ይገባል። አንቺን ያሳለፍኩበት በመጪው ዓመት ጥር ላይ ይከፈታል። ጎረቤታችን እንቁ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጎጆዋ ያፈሳል፤ ያችን ጥር እየቆጠረች ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ከተሜ ስለሆንሽ ላታውቂው ትችያለሽ። እኛ ዘንድ መሬት በሰው ስም ከተጠራ የዚያ ሰው ርስት ነው ማለት ነው። ስንት ሰው ተጋድሎበታል። ስለዚህ ጓሳው ውስጥ ጉብታውም፣ ምንጩም፣ ድንጋዩም በሰው ስም አይጠራም። የእኔ ሥራ ይህንንም መጠበቅ ነው።

አንቺን ማሳለፌን በማግስቱ ራሴ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ። «ለነፍስ ነው» ተባለና ታለፈ። መንገዱ ግን እዚያው ይቅር። ለማንም አታሳዪ፣ ለማንም አትንገሪ። አደራ።

ስሜን የሚያስጠራ ያልሽውን ጉድ ደግሞ ቶሎ ንገሪኝ። በዚህ ዕድሜ ስምን መጠራት ደስ አይልም፤ የሚጠራኝ ወይ ቀበሌ ነው ወይ ፈጣሪ።

የሚወድሽ፣
ገብረየስ


ገርጂ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየስ፣

ከነቤተሰብዎ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ሳልመልስ በመቆየቴ ምክንያት ልደርድር ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ስለ ሜዳው የጻፉልኝን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አደራዎን ተቀብያለሁ። ስለ መንገዱ ምንም አያስቡ።

«ጉዱን ንገሪኝ» ያሉት ገና አላለቀም፤ ትንሽ ይታገሡኝ።

እኔ ያው ነኝ። ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መንገድ ስስል እውላለሁ፤ ሌላ ሰው ነው የሚሠራው፣ ሌላ ሰው ነው የሚሄድበት። ማታ ብስክሌቴን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ጎረቤቴ ሐሚዳ ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ፈረስሽን ልታሳድሪ ነው?» ትለኛለች። ባለፈው እሑድ ቦሌ ላይ ብስክሌተኞች ተሰብስበን ነበር። ስለ ጓሳ አውርቼላቸው ሁሉም አፉን ከፍቶ ሰማኝ። አሥራ አንድ ሆነው ከጥምቀት በኋላ ሊመጡ አስበዋል። እኔ የቢሮ ሥራ ስላለብኝ አልመጣም። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ከኮረኮንቹ እንዳይወጡ እነግራቸዋለሁ።

ለእትዬ ተናኜ የወገብ ቅባት ልኬያለሁ። ማታ ማታ ይቀቡት።

ጤናዎን እየተመኘሁ፣
ሊድያ


ጓሳ አፋፍ፣ የካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊድያ፣

እንደምን አለሽ? ተናኜ በቅባቱ ተሽሏት ትመርቅሻለች። እኔ ለመጻፍ እጄ እንቢ እያለኝ ቆየሁ፤ አትቀየሚኝ።

በዘርአጽዮን «ጓደኞቼ ደረሱ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። ደርሰዋል። እንዳልሽውም ጨዋዎች ናቸው። ከፊት የነበረው ልጅ ወርዶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ «አባባ፣ የገብረየስ መንገድ በየት ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። ቤቴን የሚፈልጉ መስሎኝ «ገብረየስ እኔ ነኝ፣ ቤቴም ያውልህ» አልኩት። «አይ፣ መንገዱን ነው» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ሜዳው በሙሉ ተስሏል። በመሃሉ ቀይ መስመር ያልፋል፤ መስመሩ ላይ ስሜ ተጽፏል።

አንቺን በጉም የወሰድኩበት ነው። እያንዳንዷን ጠመዝማዛ አውቃታለሁ። ረግረጉን የዞርንበት እንኳ አለ።

ልጆቹን መለስኳቸው፣ እሺ ብለው ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እኔ ለቅሶ ሄጄ ሳለሁ ሌሎች መጡ። ከዚያም ሌሎች። ብስክሌቱ በትከሻ ያለፈበትን በጎማ ሊያልፉት ሞከሩ፤ ረግረጉ ተቦጫጨቀ፣ ሳሩ ተነቀለ። ከዚያ ነገር ያደገው በእኛው ሰው ነው። «ገብረየስ በስሙ መንገድ ካወጣ የእኔ ላም ምን በደለች?» ያለ አንድ ሰው ከብቱን ነዳ፤ ጎረቤቱም ተከተለው። በሳምንት ውስጥ ሜዳው የከብት በረት ሆነ። ብከለክል «ርስትህ ነው እንዴ?» አሉኝ። ይህን ቃል ከአፋቸው ከምሰማ ብመታ እመርጥ ነበር።

አውጫጭኝ ተጠራ። ወንድም ሴትም ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ያወቀውን እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ጓሳውን በገብረየስ ስም ማን ጠራው? አንዱ ተነስቶ «በበረዶው ቀን ያሳለፋት ልጅ ናት፤ ተስማምተው ነው» አለ። ደሜ ፈላ። ተነስቼ በሚካኤል ስም ማልኩ። ልጅቷ አይደለችም አልኩ። አደራዬን በወረቀት ተቀብላለች ብዬ የታኅሣሡን ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። «ስለ መንገዱ ምንም አያስቡ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።  ገብረየስ ከማለ ያው ነው ተብሎ ነገሩ ለመጋቢት ሚካኤል ተቀጠረ።

አሁን የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው። አንቺ ከተማ ነሽ፣ የስልኩንም ነገር ታውቂዋለሽ። ማን እንደጻፈው አጣርተሽ ከመጋቢት አሥራ ሁለት በፊት ላኪልኝ።

አባትሽ፣
ገብረየስ


ገርጂ፣ የካቲት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየስ፣

እኔ ነኝ።

ሰላምታ ሳላቀርብ በመጀመሬ ይቅርታ። ሌላ ነገር ካስቀደምኩ መልሼ የምቀድደው ስለመሰለኝ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ብስክሌት ስነዳ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ የሄድኩበትን ሁሉ በመስመር ይስላል። ያን ቀን በበረዶው መሃል ላጠፋው አላሰብኩም፤ እስከ ቤትዎ ደጃፍ ድረስ ሲስል ነበር። ገርጂ ገብቼ ስከፍተው ያ መስመር አብሮ አለ። እኔ ጓሳ ላይ መንገድ የምፈልገው ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። ኮረኮንቹ ሄዶ ሄዶ ይቆማል፤ በሄዱበት መመለስ ነው። እርስዎ የወሰዱኝ በኩል ሲጨመርበት ግን ሁለቱ ጫፎች ተገናኝተው ዙር ሆነ። ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ምንም የማይደገም። ሥራዬ መንገድ መሳል ነው፤ እንዲህ ገጥሞ ሳይ ልቤ ዘለለ። ያ መስመር በእግር የተሄደ እንጂ የተነዳ አለመሆኑን አውቃለሁ። በሰው ሳር መሃል መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ዙር ሆነ።

ብስክሌተኞች ሁሉ የሚያዩበት ቦታ ላይ ለጠፍኩት። ስልኩ «ስም ስጪው» ይላል። ሕይወቴን ያተረፈልኝን ሰው ስም ሰጠሁት። ስምዎን የሚያስጠራ ያልኩት እሱ ነበር። ደስ ይልዎታል ብዬ ነበር፣ ጋሼ። ሰው ስምዎን ከተራራው ጋር አብሮ ባነበበ ቁጥር እኔ እርስዎን የማመሰግን ያህል ይሰማኝ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ድንቁርና ነው፤ ለዚህ ይቅርታ ብጠይቅዎ ይቅር የሚሉኝ ይመስለኛል። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ግን መንገዱ ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ርስት ምን እንደሆነ፣ ጓሳው በሰው ስም እንደማይጠራ፣ አደራ ብለው ጽፈውልኛል። በአንድ ጣት መሰረዝ እችል ነበር። አልሰረዝኩትም። ሁለት መቶ ሰው አመስግኖኝ ነበር። ቦሌ ላይ ስንሰበሰብ «የገብረየስን መንገድ ያወጣችው» ተብዬ ተጨብጭቦልኛል። መንዝ ሩቅ ነው፣ ማን ደፍሮ ይሄዳል አልኩ። ነገ እሰርዘዋለሁ አልኩ። ከዚያ ተቀምጬ «አደራዎን ተቀብያለሁ» ብዬ ጻፍኩልዎት። ያን ስጽፍ መስመሩ ከወረቀቱ አጠገብ ስልኬ ላይ ተከፍቶ ነበር።

ከልጆቹ ጋር ያልመጣሁት በቢሮ ሥራ አይደለም። እርስዎን ማየት ፈርቼ ነው።

ለእኔ ብለው በሚካኤል ስም መማልዎን ካነበብኩ ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። ያንን ደብዳቤ ከኪስዎ አውጥተው ሲያነቡት እያየሁዎት ነው የማድረው።

ትናንት ማታ ሰርዤዋለሁ። አስቀድመው ስልካቸው ላይ ያስቀመጡት ግን አሁንም አላቸው፤ ከእነሱ ላጠፋው አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ጉባኤው ፊት ያንብቡት። ስሜን ሳይደብቁ ያንብቡት። ወይም ልምጣና ራሴ ልናገር፤ እሺ ካሉኝ መጋቢት አሥራ አንድ ቀን እዚያ እደርሳለሁ። ልምጣ?

የበደልኩዎት፣
ሊድያ


ጓሳ አፋፍ፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሊድያ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ መጋቢት አሥር ቀን ደረሰኝ። ላልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ ተናኜ «ልጅቷ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳታውቅ ነው የምታኮርፈው?» አለችኝ።

ሁለት ቀን በደረቴ ይዤው ዞርኩ። ተናኜ ሳነብላት ደጋግማ ያለችኝ «እሳት ውስጥ ጨምረው» ነው። «አንተ ሳታውቅ ነው የማልኸው፤ ያላወቁት መሐላ አይዝም» አለችኝ። እውነቷን ሊሆን ይችላል። የነፍስ አባቴም ቆይተው እንዲሁ ብለውኛል፤ ሆኖም አርባ ስግደት ጨምረውልኛል።

በአሥራ ሁለት ጉባኤው ፊት አነበብኩት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ጭብጨባውን ሁሉ። ድምፄ አንድ ቦታ ላይ ተቆረጠብኝ፤ የት እንደሆነ አልነግርሽም። ስጨርስ የሽማግሌዎቹ አለቃ «ተቀመጥ ገብረየስ፣ አንተ ላይ ጥፋት የለም» አሉ። ከብት የነዱትም ተቀጡ። እኔን ሁሉም ማረኝ።

እኔ ግን ጥበቃውን ተውኩ። ማንም አላባረረኝም፤ እንዲያውም ለመኑኝ። እንዲህ ነው ነገሩ፦ ጠመንጃ የለኝ፣ አጥር የለኝ፤ ጓሳውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት በቃሌ ነው። «ገብረየስ አየሁ አለ» ከተባለ ባለ ከብቱ ተከራክሮ አያውቅም። አሁንም አይከራከሩኝም። ግን መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንዴ እርስ በርስ ይተያያሉ። ክፋት የላቸውም፤ ሳያውቁት ነው። ያቺን መተያየት ግን ችዬ አልኖርባትም።

ሜዳው ከዚህ ወዲያ አይሆንም ተብሎ የተረፈው እንዲታጨድ ተወሰነ፤ ከቀኑ አሥር ወር ቀድሞ። ሳሩ አጭር ነው። እንቁ ያገኘችው ለግማሽ ጣራ አይበቃም። እኔና ወንድሟ ጨምረንበት አንድ ወገኑን ከድነናል፤ በሌላው ወገን ይኸ ክረምት ይፈስስባታል።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ አትምጪ።

አልተቀየምኩሽም ብልሽ ሁለተኛ በሐሰት መማሌ ነው። ተቀይሜሻለሁ። ያዘንኩት ስሜን ስለጻፍሽው አይደለም፤ ያን ለፍቅር እንዳደረግሽው አምናለሁ፣ ተናኜም ታምናለች። ያዘንኩት በታኅሣሡ ወረቀት ነው። ብትመጪ ተናኜ ታበላሻለች፣ እኔም አስቅሻለሁ፤ ስትሄጂ ግን እንደገና አስበዋለሁ። ሳሩ ይመለስ፣ እኔም ልመለስ። ያኔ እናያለን።

ብስክሌቱን ግን በዚህ ምክንያት እንዳትተዪ። ትተሽዋል ወይ?

ገብረየስ


ገርጂ፣ ሰኔ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሽ ገብረየስ፣

ለእርስዎም ለእትዬ ተናኜም ጤናውን ይስጥልኝ። አትምጪ ስላሉኝ አልመጣሁም። አንድ ቀን ብቻ ብስክሌቴን ይዤ ላምበረት ድረስ ሄጄ ወደ እናንተ የሚመጣው የመሐል ሜዳው አውቶብስ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ዘርአጽዮን «ነይ ግቢ፣ ከላይ እጭንልሻለሁ» አለኝ፤ እምቢ አልኩት።

ብስክሌቱን ትተሻል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ሁለት ወር ያሕያ ጋ ሰቅያት ነበር። ያሕያ «ካቴናዋ በሐዘን ዛገ፣ ወይ ንጃት ወይ ሽጫት» ብሎ ሲነዘንዘኝ ወሰድኳት። አሁን ጠዋት ጠዋት እስከ ቢሮ እነዳታለሁ፤ ሌላ ቦታ አልሄድም። መንገድም አልለጥፍም።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርዎት፤ ያደረግኩት ነገር በቂ ነው ለማለት አይደለም። ካርታውን ያወረዱትን ሁሉ በስም እየፈለግኩ ጻፍኩላቸው። መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ፣ ስለ እንቁ ጣራ ጭምር ነገርኳቸው። ብዙዎቹ አጠፉት፤ አንዳንዶቹም አዝነው መልሰውልኛል። ጥቂቶቹ «ሳር ነው እኮ» አሉኝ። ሁለት ሰዎች መልሰው ለጥፈውታል፣ ከነስሙ። እንዲያነሱት ለመንኳቸው፤ አላነሱትም። መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ እኔ «እዚህ መንገድ የለም፣ አልነበረምም» ብዬ ጽፌያለሁ።

ቦሌ ላይ ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ሄጄ ቆሜ ተናገርኩ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሰሙኝና ስለ ሌላ መንገድ ማውራት ጀመሩ። እንዲቆጡኝ እፈልግ ነበር መሰለኝ።

ለእንቁ ሸራ ልኬያለሁ፤ ሳሩን እንደማይተካ አውቃለሁ። ዝናቡ እስኪያልፍ በሌላው ወገን ይዘርጉላት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ሰዉ ስምዎን አሁን እንዴት ነው የሚጠራው? እንደ ድሮው ሆነልዎ?

ሊድያ


ጓሳ አፋፍ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሊድያ፣

ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ሳምንቱን ፀሐይ አላየንም። ሸራው ደርሶ ለእንቁ ተዘርግቶላታል። ሲነፍስ እንደ ከበሮ ይመታል እያለች ታማርራለች፤ ግን ደረቅ ላይ ትተኛለች። መርቅልኝ ብላኛለች።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ባልመልስ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንቺ ግን እውነቱን ጽፈሽልኛልና እኔም እውነቱን ልጻፍ።

ሽማግሌዎቹ ሜዳውን እንደገና ዘግተውታል፤ አሁን ስድስት ዓመት ነው ያሉት። አዲስ ጠባቂ ተመርጧል፤ ትጉህ ሰው ነው። እኔን ሰው ያከብረኛል። ለቅሶ ቤት ከፊት ያስቀምጡኛል፣ ዕርቅ ሲኖር ይጠሩኛል። ስሜን ግን አንቺ ከስልክሽ ብትሰርዢውም እዚህ አልተሰረዘም። ያ የተቦጫጨቀው ቦታ መጠሪያ ያስፈልገው ነበር፣ ሌላ መጠሪያ ደግሞ አላገኙለትም። ማንም ለክፋት ብሎ አይደለም። ከብት የሚነዱ ልጆች ሲላኩ «በገብረየስ መንገድ እንዳታልፉ» ይባላሉ። ጠባቂው ሲቆጣም እንዲሁ ይላል። እኔ ስደርስ ዝም ይሉ ነበር፤ አሁን አሁን መርሳት ጀምረዋል።

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ቤቴ ከሜዳው ማዶ ይታየኛል፤ ሳላስበው እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ከወንዙ ውሃ ቀድታ የምትመለስ አንዲት ሙሽራ አገኘችኝ። ከይፋት በሰርግ የመጣች ናት፤ ገና ሰው አታውቅም፣ እኔንም አታውቀኝም። እንስራዋን አውርዳ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። ከዚያ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ አይኬድም» አለችኝ። «ለምን ልጄ?» አልኳት። «የገብረየስ መንገድ ነው፤ ነውር ነው ይላሉ» አለችኝ።

ስሜን አልነገርኳትም። እሺ ልጄ ብያት ዞሬ በኮረኮንቹ ሄድኩ።

ገብረየስ